ዚዮላይት በተባለ ድንጋይ ውስጥ ያለ ውኃ በሙቀት ስለሚሆነው ለውጥ፤ ለዘር እህል አጠባበቅ ያለው ጠቀሜታ

የሐረርጌ ደጋ ገበሬ ማሽላውን በጉድጓድ ማስቀመጡ የቆየ ልማድ ነው። በኦሮምኛ ቦላ የሚባለው ይህ ጉድጓድ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ሆኖ ይቆፈራል፤ እህሉንም ከሌባና ከእሳት ይሰውራል። ከእርጥበት ግን አያድንም። በግድግዳውና በአፉ አካባቢ ያለው እህል እየረጠበ ይሻግታል፤ ለምግብ ቢተርፍ እንኳ ለዘር አይበቃም። ድርቅ አልፎ ዝናብ ሲመለስ የሚበቅል ዘር በእጁ የሌለው ገበሬ ደግሞ ከእርዳታ መስመር ሊወጣ አይችልም።

በዘር አጠባበቅ ሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎች እንደ መነሻ የሚይዙት አንድ ግምት አለ። ይኸውም በዘሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ከ14 እስከ 5 በመቶ ባለው ክልል በ1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር የዘሩ ዕድሜ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል የሚል ነው። ይሁን እንጂ ዘርን በኃይለኛ እሳት ማድረቅ ጽንሱን ይገድለዋል። እሳቱ በዘሩ ላይ መሆኑ ቀርቶ በድንጋይ ላይ እንዲያርፍ የሚያደርገው ዘዴ የተፈለገውም ስለዚህ ነው።

ዚዮላይት ከሲሊኮን፣ ከአሉሚኒየምና ከኦክስጅን የተገነባ ክሪስታል ነው። በ1756 እ.ኤ.አ. የስዊድኑ የማዕድን ሊቅ አክሰል ክሮንስቴት ድንጋዩ ሲሞቅ እንፋሎት እያወጣ ሲንተከተክ ተመልክቶ በግሪክኛ «የሚፈላ ድንጋይ» የሚል ስም አወጣለት። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ በእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥም ይገኛል፤ ለዘር ማድረቂያ የሚያገለግለው ግን በፋብሪካ ተዘጋጅቶ እንደ ጠጠር የተድቦለቦለው ነው።

በክሪስታሉ ውስጥ ስፋታቸው ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ የሚያንስ ቀዳዳዎች አሉ። ውኃውን አጥብቀው የሚይዙት በእነዚህ ቀዳዳዎች ውስጥ ያሉ፣ ኤሌክትሪክ ያዘሉ የሶዲየም፣ የካልሲየምና የመሳሰሉት ቅንጣቶች ናቸው። ከዚህም የተነሣ ይህ ውኃ በድስት እንዳለ ውኃ በአንድ የሙቀት ደረጃ አይፈላም። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ በከተማዋ በድስት የተጣደ ውኃ በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። የዚዮላይቱ ውኃ ግን ላላ ብሎ የተያዘው አስቀድሞ፣ የጠበቀው ዘግይቶ፣ ጥቂት በጥቂት ይወጣል። በሚገባ ለማድረቅ ከ200 ዲግሪ በላይ የሆነ ደረቅ ሙቀት ለጥቂት ሰዓታት ያስፈልጋል። ስለሆነም ድንጋዩን በፈላ ውኃ እንፋሎት ማሞቅ ወይም ፀሐይ ላይ ማስጣት ከንቱ ድካም ነው፤ የዳቦ ቤት ምድጃ ግን ይበቃል።

ዋናው ቁም ነገር ውኃው ሲወጣ የክሪስታሉ ቤት አለመፍረሱ ነው። የሸክላ ጭቃ በእሳት ሲተኮስ ከባሕርዩ ጋር የተዋሐደው ውኃ ስለሚወጣ ይለወጣል፤ እንስራ ከሆነ በኋላ ዘወትር ውኃ ቢሞላበትም ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። ዚዮላይት ግን ሲበርድ ባዶ ቀዳዳዎቹ ከአየር እርጥበት ይስባሉ፤ ሲስቡም በማድረቂያው ጊዜ የወሰዱትን ሙቀት መልሰው ይሰጣሉ። ስለዚህ ያው ድንጋይ ደጋግሞ ያገለግላል። እርግጥ እሳቱ ከመጠን ካለፈ ቤቱም መፍረሱ አይቀርም።

የደረቀው ድንጋይ አየር በማያስገባ ቆርቆሮ ውስጥ እስኪበርድ መቆየት አለበት፤ ገላጣ ላይ ቢተው የአየሩን እርጥበት ጠጥቶ ይጠግባል፣ ትኩሱን ከዘር ጋር ማገናኘትም ዘሩን ይጎዳል። ከበረደ በኋላ በስስ ጨርቅ ከረጢት ተደርጎ ከዘሩ ጋር በታሸገ ዕቃ ይቀመጣል።

መጠኑን በሒሳብ ማየት ይገባል። 16 በመቶ እርጥበት ያለውን 100 ኪሎ ማሽላ ወደ 12 በመቶ ለማውረድ 4.5 ኪሎ ያህል ውኃ መውጣት አለበት። ድንጋዩ ከክብደቱ 20 በመቶ ውኃ ይይዛል ቢባል 23 ኪሎ ገደማ ድንጋይ ያስፈልጋል ማለት ነው። ማገዶ በተወደደበት አገር መጋዘን ሙሉ የእርዳታ እህል በዚህ ዘዴ ለማድረቅ ማሰብ ገንዘብ ማባከን ይሆናል። ለአንድ ቤተሰብ 10 ኪሎ ዘር ግን የሚያስፈልገው 2.3 ኪሎ ብቻ ስለሆነ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ድንጋዩ በሚገባ መድረቁን ለማወቅ መሣሪያ የግድ አይደለም። ከበረደው ጥቂት ፍሬ በመዳፍ ይዞ አንድ ሁለት ጠብታ ውኃ ማንጠብጠብ ነው፤ የደረቀው ወዲያው ይሞቃል፣ እርጥበት የጠገበው ግን እንደ ማንኛውም ጠጠር ቀዝቃዛ እንደ ሆነ ይቆያል።