ለወራት የሚቆዩ የሆርሞን መርፌዎች፦ አሠራራቸውና ጥንቃቄያቸው

በሸርቆሌም ሆነ በሌሎች የሀገራችን ወረዳዎች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በጤና ኬላ ከሚሰጧቸው አገልግሎቶች አንዱ «ዴፖ» በሚል ስም የሚታወቀው የሦስት ወር የእርግዝና መከላከያ መርፌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ከባለትዳር ሴቶች 27 በመቶ ያህሉ በመርፌ የሚሰጥ መከላከያ ተጠቃሚዎች ነበሩ። የሆርሞን እጥረት ላለባቸው ወንዶች የሚታዘዘው ቴስቶስቴሮንም ከ10 እስከ 14 ሳምንት እንዲቆይ ተደርጎ ይዘጋጃል። ለመሆኑ አንድ መርፌ ይህን ያህል ጊዜ የሚሠራው እንዴት ነው? ጉዳት ቢያስከትልስ ማስቆም ይቻላልን?

ቴስቶስቴሮን በቀጥታ ደም ውስጥ ቢገባ ግማሹ ለመወገድ ከ10 እስከ 100 ደቂቃ ብቻ ይፈጅበታል። ስለሆነም ከሰባ አሲድ ጋር ተጣምሮ በጉሎ ዘይት ይሟሟል፤ 1000 ሚሊ ግራሙ በ4 ሚሊ ሊትር ተይዞ በመቀመጫ ጡንቻ ይወጋል። ከዘይቱ ወደ ደም የሚሻገረውም ጥቂት በጥቂት ነው። ዴፖ በአንጻሩ በውኃ ውስጥ የተበተኑ፣ በቀላሉ የማይሟሙ ጥቃቅን ክሪስታሎችን የያዘ ነው። ብልቃጡ አስቀድሞ የሚናጠው ክሪስታሎቹ ስለሚዘቅጡ ሲሆን፣ የተወጋው ቦታ የማይታሸው ደግሞ መድኃኒቱ ቶሎ ተሰራጭቶ እንዳያልቅ ነው። ነገሩ በጠባብ ቀዳዳ የሚንጠባጠብ እንስራን ይመስላል፤ ውኃው የሚቆይበትን ጊዜ የሚወስነው የቀዳዳው ጥበት ነው።

ችግሩም የሚመነጨው ከዚሁ ጥቅም ነው። የዴፖ ግማሽ ዕድሜ 50 ቀን ገደማ ነው። ይህም ማለት በደም ውስጥ ያለው መጠን በ50 ቀን ወደ ግማሽ፣ በ100 ቀን ወደ ሩብ፣ በ150 ቀን ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል ማለት ነው። ክኒን ያልተስማማው ሰው በማግሥቱ ሊተወው ይችላል፤ የተወጋ መርፌ ግን ተመልሶ አይወጣም።

ዴፖ የወር አበባ መዛባትን ወይም መቅረትንና የክብደት መጨመርን ሊያስከትል ይችላል። ካቆሙት በኋላም ለማርገዝ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ይህ ግን መካንነት አይደለም። የአጥንትን ጥግግት ስለሚቀንስ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ ሆኖም ጉዳቱ መድኃኒቱ ሲቆም በአብዛኛው ይሻሻላል።

የቴስቶስቴሮን መርፌ ደግሞ ቀይ የደም ሴሎችን ያበዛል። ደም ሲወፍር በጠባብ የደም ሥሮች ለመፍሰስ ስለሚቸገር የደም ምርመራ በየጊዜው ያስፈልጋል። የዘይት ጠብታ ወደ ሳንባ ከደረሰም ድንገተኛ ሳልና የትንፋሽ እጥረት ሊከተል ይችላል፤ በዚህም ምክንያት ይኸው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 መድኃኒቱን ሲፈቅድ ታካሚው ለ30 ደቂቃ በክትትል ሥር እንዲቆይ ግዴታ አድርጓል። ጡንቻ ለማፈርጠም ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወጉ ወጣቶች በተለይ ልብ ሊሉት የሚገባው፣ ሆርሞኑ ከውጭ ሲመጣ አንጎል ለቆለጥ የሚልከውን ትእዛዝ እንደሚቀንስና የዘር ፍሬ ምርት እንደሚዳከም ነው። ምርቱ እስኪያገግም ወራት ያልፋሉ።

በመሆኑም የእነዚህ መርፌዎች ዋናው ጥንቃቄ መርፌው ከመወጋቱ በፊት የሚደረገው ነው። የጤና ታሪክ መጠየቅ፣ አማራጮችን ማሳወቅ፣ ሊከሰት የሚችለውን በግልጽ መንገር ተገቢ ነው። ይህም ተገልጋዩ በሚረዳው ቋንቋ፣ በሸርቆሌ ለምሳሌ በበርታ ወይም በጉሙዝ ቋንቋ፣ ሊሆን ይገባዋል። መድኃኒቱ ለወራት አብሮ የሚኖረው ከተወጋው ሰው ጋር ነውና፣ አስቀድሞ ጠይቆ የመረዳት መብቱም የእርሱ ነው።