የጥላ ሸራ ጠርዝ ቀጥ ብሎ አይቆረጥም

ለአንድ ምግብ ቤት ግቢ የመጀመሪያውን የጥላ ሸራ ስሰፋ ጠርዙን በማስመሪያ ቀጥ አድርጌ ቆረጥሁት። አራቱን ምሰሶዎች ደግሞ በውሃ ልክ እየለካሁ እኩል ቁመት ላይ አቆምኋቸው። ንጹሕ ሥራ ነበር የመሰለኝ። ሐምሌ ሲገባ መካከሉ ውሃ አቆረ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ ከተኛ ክብደቱ 100 ኪሎ ነው። ውሃው ሸራውን ያረግበዋል፤ የረገበው ቦታ ደግሞ ሌላ ውሃ ይጠራል። በመጨረሻ ስፌቱ ከማዕዘኑ ጀምሮ ተተረተረ። ክሩም ሸራውም ደህና ነበሩ፤ የተሳሳተው አቆራረጤና አተካከሌ ነው። ሸራ ለምትሰፉ፣ ምሰሶ ለምትበይዱና ድንኳን ለምትተክሉ ሁሉ፣ ያን ጊዜ ባውቀው ኖሮ የምለውን ልንገራችሁ።

ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን በእጃችሁ ሞክሩት። ሁለት ቀጫጭን እንጨቶችን ጫፍና ጫፋቸው ላይ በክር አያይዙና በባሊ የሳሙና ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አውጡት። በእንጨቶቹ መካከል ስስ የሳሙና ሽፋን ይወጠራል፤ ክሮቹ ግን ቀጥ ብለው አይቆሙም። ሽፋኑ ወደ ውስጥ ይስባቸውና ከክብ ላይ የተቆረጠ ቅስት ይሆናሉ። የሳሙና ሽፋን በየአቅጣጫው እኩል ስለሚስብ፣ በተሰጠው ጠርዝ ውስጥ የራሱን ስፋት እስከቻለው ድረስ ያሳንሳል። ጠርዙ እንጨት ከሆነ እንጨቱን ተቀብሎ ይቀመጣል። ጠርዙ ክር ሲሆን ግን ክሩና ሽፋኑ እርስ በርስ እየተሳሳቡ ቅርጹን አብረው ይወስናሉ። የጥላ ሸራ ጠርዝ ደግሞ ገመድ ነው።

ቤልጂየማዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆሴፍ ፕላቶው ይህን ነገር በብዙ ዓመታት ሙከራ አጥንቶ በ1873 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳተመው። አብዛኛውን የሠራው ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ነው፤ ሽፋኑን ሌሎች እያዩ ይነግሩት ነበር። ጀርመናዊው አርክቴክት ፍራይ ኦቶ ደግሞ ድንኳኖቹን ከመሥራቱ በፊት በሳሙና ሽፋን ቅርጻቸውን ይፈልግ ነበር። በ1955 እ.ኤ.አ. በካሰል ከተማ ለሙዚቃ መድረክ የተከለው ሸራ ሁለት ማዕዘኑ ከፍ፣ ሁለቱ ዝቅ ያለ ነበር። ዛሬ በየግቢው የምናየው ባለ አራት ማዕዘን ጥላ ከዚያ ጋር አንድ ዘር ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነገር ቁመት ነው። ፊት ለፊት የሚተያዩትን ሁለት ማዕዘኖች ከፍ፣ ሌሎቹን ሁለቱን ዝቅ አድርጉ። ሸራው እንደ ኮርቻ ይሆናል፤ በአንዱ አቅጣጫ ወደ ላይ፣ በሌላው ወደ ታች ይቀሰታል። ነፋስ ከሥር ሲገፋው አንዱ ቅስት ይይዘዋል፤ ውሃ ከላይ ሲጫነው ሌላው። ዝናቡም መንገድ ስላገኘ ወደ ዝቅተኞቹ ማዕዘኖች ይወርዳል።

ሁለተኛው የጠርዙ ቅስት ነው፤ ገንዘብና ምሰሶ የሚበላው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እናስላው። በጠርዙ ገመድ ላይ ያለው ኃይል የሸራው ውጥረት በቅስቱ ሬዲየስ ሲባዛ ነው። ሬዲየሱን ለማግኘት የጠርዙን ርዝመት በራሱ አባዙትና ለቅስቱ ጥልቀት ስምንት እጥፍ አካፍሉት፤ ከዚያ የጥልቀቱን ግማሽ ደምሩበት። ከማዕዘን ማዕዘን 6 ሜትር የሆነ ጠርዝ እንውሰድ፤ ሸራው በየሜትሩ በ50 ኪሎ ያህል ተወጥሯል እንበል። ቅስቱ 60 ሴንቲ ሜትር ከገባ ሬዲየሱ 7.8 ሜትር፣ የገመዱ ኃይል 390 ኪሎ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከገባ 757 ኪሎ ይደርሳል። ለዓይን ቀጥ ይበል ብላችሁ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሰጣችሁት ከ2,200 ኪሎ ያልፋል። ይህ ሁሉ ነፋስ ሳይነሣ ነው። ስለዚህ የጠርዙን ርዝመት አንድ አሥረኛ ያህል ወደ ውስጥ ቅሰቱት። ደንበኛ “ለምን ጎበጠ?” ብሎ ሲጠይቅ ይህን ስሌት ወረቀት ላይ አሳዩት፤ ጠርዙ ቀጥ እንዲል የሚፈልግ ከሆነ ለወፍራም ምሰሶና ለትልቅ መሠረት መክፈል እንዳለበት ያያል።

ሸራ ግን ሳሙና አይደለም። ድርና ማግ አለው፤ ሁለቱም እኩል አይለጠጡም። ከዚያው ጣቃ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ከአንድ ሜትር የሚረዝም ቁራጭ አንዱን በድሩ፣ አንዱን በማጉ አቅጣጫ ቆርጣችሁ አንድ አንድ ሜትር ምልክት አድርጉባቸው፤ በእያንዳንዳቸው ላይ 2.5 ኪሎ አንጠልጥላችሁ አሳድሩ። ይህ በሜትር 50 ኪሎ ማለት ነው። በማግስቱ ምልክቱ 2 ሴንቲ ሜትር ከጨመረ በዚያ አቅጣጫ ከመቶ ሁለት አሳጥራችሁ ቁረጡ። ይህን የሚዘል ሰው ሸራው በወሩ ሲረግብበት የገመዱን ጥራት ይወቅሳል።

ሸራን በቀለበት ላይ ለምትወጥሩ፣ ለመድረክ ማስዋቢያም ሆነ ለፎቶ ብርሃን መመለሻ፣ ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚህ ጠርዙ ራሱ መታጠፍን የሚቋቋም ዘንግ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ሉካ ጆሚና ማሃዴቫን የተባሉ ተመራማሪዎች የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክርን ቀለበት አድርገው በሳሙና ውሃ ነክረውት ነበር። ክሩ አጭር ሲሆን ክብ ሆኖ ይቆያል፤ ሲረዝም ሽፋኑ ያሸንፈውና እንደ ኮርቻ ይጠማዘዛል፤ ከዚያም ወደ ስምንት ቁጥር ቅርጽ ይሄዳል። አንድ ዓይነት ዘንግ ተጠቅማችሁ የቀለበቱን ዲያሜትር በእጥፍ ብታሳድጉ ሳይጠመዘዝ የሚችለው ውጥረት ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። በአንጻሩ የድፍን ዘንግ ውፍረት በእጥፍ ሲጨምር መታጠፍን የመቋቋም አቅሙ 16 እጥፍ ይሆናል። ትልቅ ቀለበት ሲታዘዝላችሁ የትንሹን ዘንግ አትድገሙ፤ ከተጠማዘዘም ሸራውን ማጥበቅ ያባብሰዋል እንጂ አያስተካክለውም።

ስትተክሉ አንዱን ማዕዘን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ። ፊት ለፊት የሚተያዩትን ጥንድ በጥንድ፣ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ አጥብቁ። ማዕዘኑ አጠገብ መጨማደድ ካያችሁ በዚያ በኩል ያለው የጠርዙ ገመድ ረዝሞ ሊሆን ይችላል፤ ምሰሶውን ከመጎተት በፊት ገመዱን አሳጥሩት። ከሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ በመዳፋችሁ መካከሉን መታ መታ አድርጉት፤ በሁሉም በኩል አንድ ዓይነት ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ እንደገና አጥብቁ።