ኮምፒዩተር መዝገብን የት ያስቀምጣል?

ቀደም ሲል የመሬት ይዞታና የማኅበር ሂሳብ የሚጻፈው በወረቀት ላይ ብቻ ነበር። ዛሬ በብዙ ጽሕፈት ቤቶች በኮምፒዩተር ይመዘገባል። መብራት ጠፍቶ ኮምፒዩተሩ ቢዘጋም የተቀመጠው መዝገብ አይጠፋም። በማስቀመጫ ዕቃው ውስጥ ይቆያል። ይህ ዕቃ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሃርድ ዲስክ፣ ሌላው ኤስ ኤስ ዲ ይባላል።

ሃርድ ዲስክ

በሃርድ ዲስክ ውስጥ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሚዞር ዝርግ ሳህን አለ። መዝገቡ በሳህኑ ላይ የሚጻፈው በማግኔት ኃይል ነው። ሳህኑ በአንድ ደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይዞራል። የሚጽፍና የሚያነብ ትንሽ ክንድም አለው። የክንዱ ጫፍ ሳህኑን አይነካም። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ግን ከጠጉር እጅግ የቀጠነ ነው። ስለዚህ ዕቃው እየሠራ ሳለ ቢወድቅ ጫፉ ሳህኑን ሊፍቀው ይችላል። ያን ጊዜ የተጻፈው ይበላሻል።

የመጀመሪያውን ሃርድ ዲስክ በ1956 እ.ኤ.አ. ያወጣው አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። 50 ሳህኖች ነበሩት። ክብደቱም 10 ኩንታል ያህል ነበር።

ኤስ ኤስ ዲ

በኤስ ኤስ ዲ ውስጥ የሚዞር ነገር የለም። መዝገቡ የሚቀመጠው በጣም ጥቃቅን በሆኑ ክፍሎች ውስጥ በታሰረ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። የእጅ ስልክ ሚሞሪ ካርድም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ሳህኑ እስኪዞር፣ ክንዱም እስኪደርስ መጠበቅ ስለሌለ ፈጣን ነው። ቢወድቅም እንደ ሃርድ ዲስክ ቶሎ አይጎዳም። ነገር ግን ዋጋው ይወደዳል። ደጋግሞ መጻፍም ያደክመዋል። መብራት ሳያገኝ ለብዙ ጊዜ ቢቀመጥ የታሰረው ኃይል ቀስ በቀስ ሊያልቅ ይችላል።

እንግዲህ የትኛው ይሻላል?

ለፍጥነትና ይዞ ለመንቀሳቀስ ኤስ ኤስ ዲ ይመረጣል። ብዙ መዝገብ በርካሽ ለማኖር ሃርድ ዲስክ ይሻላል። ሃርድ ዲስክ ከመበላሸቱ በፊት አንዳንድ ጊዜ ቋ ቋ እያለ ያስጠነቅቃል። ኤስ ኤስ ዲ ግን ድምፅ ሳያሰማ በድንገት ሊያቆም ይችላል። ሁለቱም አንድ ቀን ይበላሻሉ።

ብልህ ገበሬ ዘሩን ሁሉ በአንድ ጎተራ አያኖርም። አንዱን ነቀዝ ቢበላው ሌላው ይተርፈዋል። መዝገብም እንዲሁ ነው። የማኅበራችሁ ሂሳብ በኮምፒዩተር ከተያዘ፣ «ግልባጩ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ግልባጩ በሌላ ዕቃ፣ በሌላ ቤት መቀመጥ አለበት። የይዞታ ደብተራችሁንም በደኅና ቦታ አኑሩት።

ጥያቄዎች

1. ሃርድ ዲስክ እየሠራ ሳለ ቢወድቅ ለምን ይበላሻል?
2. ኤስ ኤስ ዲ ከሃርድ ዲስክ ለምን ይፈጥናል?
3. የማኅበራችሁ ሂሳብ ግልባጭ የት ይገኛል? ጠይቃችሁ ተረዱ።