የዕረፍት ወራትና የሰደድ እሳት

የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ባለቀ ማግሥት ቴዎድሮስ አደባባይ፣ ከሴባስቶፖል መድፍ ምስል አጠገብ ብንቆም የምንሰማው ወሬ አንድ ዓይነት ነው፤ «ላንጋኖ ይሻላል ወይስ ሐዋሳ?» ታላላቆቻችን ስለ ምጽዋ ባሕር ያወሩልናል። እኛ ግን ባሕር በሌላት አገር ያደግን ስለ ሆንን ሐይቅ ይበቃናል። ዕረፍት መውጣት ነውር የለበትም፤ ሲያጠና የከረመ አእምሮ ውሃና ነፋስ ይሻል። በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ የፈለግነው፣ እኛ ለመዝናናት የምንመርጠው ወቅትና ደን የሚቃጠልበት ወቅት አንድ መሆናቸውን ነው።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሣሩ ቀስ በቀስ እየደረቀ ይሄዳል። የካቲትና መጋቢት ሲደርስ፣ ሐይቅ ዳር ሰማዩን የሚያጠራልን ያው ደረቅ አየር ደጋው ላይ ጓሳውንና አስታውን እንደ ጭድ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ አንድ ማር ቆራጭ ጥሎት የሄደ ጭራሮ፣ ለከብት አዲስ ሣር ይብቀል ተብሎ የተለኮሰ እሳት ወይም ያልጠፋ የከሰል ምድጃ ይበቃል።

ከመካከላችን አንዱ የደባርቅ ልጅ ነው። በ2011 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ገና ታዳጊ ሳለ ከሕመም ተነሥቶ ስለ ነበር፣ አባቱ አየር እንዲለውጥ ብለው ጣና ዳር፣ ጎርጎራ፣ ከዘመድ ቤት ወስደውት ነበር። ዓሣ እየበላ፣ ታንኳ እያየ ደስ ብሎት ሳለ ሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ እሳት መነሣቱ ተሰማ። አባቱ በማግሥቱ ልጁን ለአጎቱ አደራ ብለው በመጀመሪያው መኪና ተመለሱ። እሱ ከሐይቁ ዳር ሆኖ ጭሱን እንኳ ማየት አይችልም። ከጎንደር የሚመጣውን ተሳፋሪ ሁሉ «እሳቱ ጠፋ?» እያለ ይጠይቅ እንደ ነበር አጫውቶናል። አባቱ ሲመለሱ ጋቢያቸው በፍንጣሪ ተበሳስቶ ነበር።

ያን ጊዜ እሳቱ አንዴ ጠፋ ሲባል እንደገና እየተነሣ እስከ ሚያዝያ ዘለቀ። የአካባቢው ሕዝብ መሣሪያው ቅጠልና አፈር ነበር፤ ገደሉ ውሃ አያስወጣም። በኋላ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሞያዎች መጥተው አገዙ። ዋልያ በዓለም ላይ የሚገኘው በነዚህ ተራሮች ብቻ መሆኑን ስናስብ፣ የተቃጠለው ሣር ብቻ እንዳልነበረ ይገባናል።

ዳገት ላይ እሳት ለምን እንዲህ ያስቸግራል? ነበልባሉ ከበላዩ ያለውን ሣር ገና ሳይደርስበት ያሞቀዋል፣ ያደርቀዋል። ዳገቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእሳቱ ፍጥነት እጥፍ ያህል እንደሚሆን ባለሞያዎች ይገምታሉ። ስለዚህ ተራራ ላይ እሳት የገጠመው ሰው ሽቅብ መሮጥ የለበትም፤ ወደ ጎን፣ ነፋሱ ወደሚመጣበት ወገን፣ ወይም አስቀድሞ ተቃጥሎ ወደ ጠቆረ መሬት መሸሽ ይሻላል።

ከሰሜኑ የከፋው በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና የደረሰው ነው። ከ100,000 ሄክታር በላይ ደን ነደደ፤ ገበሬው፣ ወታደሩና ተማሪው ዘመተ፤ ከደቡብ አፍሪካና ከጀርመን ጭምር ባለሞያዎች መጡ። በመጨረሻ ብዙውን ያጠፋው ዝናብ ነው። አስታ ከተቃጠለ በኋላ ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ ይህን አይቶ «ምን ይሆናል» የሚል ሰው አለ። ነገር ግን ሳያገግም በላይ በላዩ ሲቃጠል ጫካነቱ ቀርቶ ቁጥቋጦ ሆኖ ይቀራል። ጥድና ዝግባ ደግሞ የሰው ዕድሜ የሚያህል ጊዜ ይፈልጋሉ።

ውሃ ዳር ያለ ሰው ከእሳት የራቀ ይመስለዋል። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በግሪክ አገር፣ ከአቴና አጠገብ ባለችው ማቲ በምትባል የባሕር ዳር መዝናኛ፣ የተነሣ እሳት ከ100 በላይ ሰዎች ገደለ። ከነዚህ ውስጥ 26ቱ ከባሕሩ ጥቂት ርምጃ ሲቀራቸው፣ መውረጃ አጥተው ተቃቅፈው ተገኙ።

ወደ ራሳችን ሰፈር እንመለስ። ከፒያሳ ሽቅብ ብናይ እንጦጦ በባሕር ዛፍ ተሸፍኗል። ባሕር ዛፍ ቅጠሉ ዘይት አለው፣ ልጣጩም እየተላጠ ከሥሩ ይከመራል፤ በበጋ ከዚያ የበለጠ ማገዶ የለም። ሽርሽር ወጥተን ቡና ካፈላን ረመጡ ላይ ውሃ አፍስሰን፣ አመዱን በእንጨት አማስለን፣ በእጃችን ዳስሰን መቀዝቀዙን ሳናረጋግጥ መነሣት የለብንም። በከተማው ውስጥ እሳት ያየ ሰው የሚደውልበት ቁጥር 939 ነው። ሲደወልም ወረዳውንና በአቅራቢያው ያለውን የታወቀ ምልክት መናገር ይገባል፤ «እንጦጦ ላይ ጭስ አየሁ» ማለት ብቻ አይበቃም፣ እንጦጦ ሰፊ ነው።