የጾም ሽሮ

በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ሥጋ፥ ወተትና ቅቤ አይቀመስም። አንዲት እናት ጾሙ ሳይገባ ሽምብራዋን ለቀመች፤ ቆልታም ከካች፤ ከበርበሬ፥ ከነጭ ሽንኩርትና ከጨው ጋራ ፈጭታ በደረቅ ዕቃ ከድና አኖረች። ቀን በእርሻ ስትሠራ ውላ ማታ ስትመለስ ቀይ ሽንኩርት በኑግ ዘይት ታቁላላለች፤ ውሃ ትጨምራለች፤ ውሃው ሲፈላ ሽሮውን እየነሰነሰች ታማስላለች። ጥቂት ከተንተከተከ በኋላ ወጡ ይደርሳል፤ ልጆችዋም ሳይተኙ ይበላሉ።

ጎረቤትዋ ግን «ነገ አዘጋጃለሁ» ስትል ጾሙ ገባባት። አንድ ማታ ልጆችዋ ተርበው አለቀሱ። ያች እናት ይህን ሰምታ ከሽሮዋ ሰፍራ ሰጠቻት፤ በማግሥቱም ሁለቱ አብረው ሽምብራ ቆሉ።

ልጆች ሆይ፥ አስቀድሞ የሚያዘጋጅ ሰው ለራሱ ይበቃል፤ ለባልንጀራውም ይተርፋል።