ሥራ ያጣን ወጣት በፈረስ ስለ ማቋቋም

በደጀንና በአካባቢው ደጋ፥ ዕድሜው ለሥራ ደርሶ ሥራ ያጣ ልጅ በቤቱ ያለው ገበሬ ብዙ ነው። ምክንያቱም የታወቀ ነው። በ1989 ዓ.ም. በክልላችን የመሬት ሽግሽግ ከተደረገ ወዲህ የተወለደ ልጅ የሚያርሰው፥ ከወላጁ ድርሻ ተቆርሶለት ወይም ተከራይቶ ነው። ትምህርቱም ሁሉን አያደርስም፤ በ2015 ዓ.ም. በተገለጸው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት፥ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ተፈታኞች ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ ነበሩ። ከሁለቱም የወጣ ልጅ ከቤት ይውላል፤ አሳቡ ይበተናል፤ ወደ መጠጥ ያዘነብላል፤ ወይም ሳይሰናበት ከአገር ይጠፋል።

ገበሬዎች ሆይ፥ እንዲህ ላለው ልጅ ፈረስ የሥራ መጀመሪያ ሊሆነው ይችላል። ነገር ግን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። ፈረሱ ልጁን ከሥራው በር ያደርሰዋል፤ ገብቶ የሚሠራው ግን ልጁ ራሱ ነው። ስለዚህ ዋናው ምክራችን ይህ ነው፤ ጋሪውንና ገንዘቡን ሳይሆን፥ አስቀድማችሁ የፈረሱን እንክብካቤ ስጡት።

ፈረስ ስለ ምን ተመረጠ? የበሬ ሥራ በወቅት ነው፤ የፈረስ እንክብካቤ ግን በየቀኑ ነው። የፈረስ ጨጓራ ትንሽ ስለ ሆነ፥ በቀን ብዙ ጊዜ ጥቂት በጥቂት ሊመገብ ይገባዋል። ስለዚህ ልጁ ጧት የሚነሣበት ምክንያት ያገኛል። ደግሞም ፈረስ ድንጉጥ እንስሳ ነው፤ የሚቆጣውን ይሸሻል፥ በዝግታ የሚቀርበውን ይለምዳል። ልጁም ፈረሱን ለማልመድ ሲል ቁጣውን መግታት ይማራል። በውጭ አገርም አሳባቸው የታወከ ወጣቶችን ፈረስ በማስጠበቅ የሚረዱ ድርጅቶች አሉ።

ሥራው በሚከተለው ተራ ቢፈጸም ይጠቅማል።

1ኛ/ መኖና ውኃ። 200 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ከ4 እስከ 5 ኪሎ ደረቅ መኖ፥ 20 ሊትርና ከዚያ በላይ ውኃ ያስፈልገዋል። የጤፍ ጭድ ብቻውን አይበቃውም፤ ሣርና ጥቂት ገብስ ይጨመርለት። እህል ሲጨመር ቀስ በቀስ ይሁን፤ በድንገት ብዙ እህል የበላ ፈረስ በሆድ ቁርጠት ሊሞት ይችላል። ጓያ ግን አይሰጠው፤ የሰውን እግር እንደሚያሽመደምድ ሁሉ ፈረስንም ይጎዳል።

2ኛ/ ጤና። ልጁ በየማታው የፈረሱን ሰኮና ያጽዳ፤ የጋሪው ዕቃ የሚያርፍበትን ገላ በእጁ ይዳስስ። ቆዳው የተላጠ ከሆነ፥ ቁስሉ እስኪድን ፈረሱ ሥራ አይግባ። በእግሩ ወይም በአንገቱ ላይ እንደ መቁጠሪያ የተሰካኩ እባጮች ወጥተው መግል ካፈሰሱ፥ በአገራችን የጋሪ ፈረሶች ላይ የሚታየው ተላላፊ በሽታ ሊሆን ስለሚችል፥ ለእንስሳት ሐኪም ያሳይ። ይህ በሽታ በቁስልና በዕቃ ስለሚተላለፍ፥ የጋሪ ዕቃ መዋዋስ አይገባም። በክረምት መውጫ ደግሞ ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች የሚያስተላልፉት የፈረስ በሽታ ስለሚበረታ፥ ፈረሱ አስቀድሞ ይከተብ፤ ሌሊትም በበረት ይደር።

3ኛ/ ጋሪ። ሦስት ዓመት ያልሞላው ፈረስ ጋሪ አይጎትት፤ ሙሉ ጭነትም ከአራት ዓመት በፊት አይጫንበት። በብዙ ከተሞች ሰው የማመላለሱን ሥራ ባጃጅ ስለ ወሰደው፥ የልጁ ተስፋ በዕቃ ላይ ይሁን፤ እህል ከአውድማ፥ ማዳበሪያ ከመጋዘን፥ ውኃ ከምንጭ ማምጣት የጋሪ ሥራ ነው። ጭነቱ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳያመዝን በመንኰራኵሩ ላይ ይደልደል። የደጀን ጋሪ ሥራው በሜዳው ላይ ነው፤ ወደ ዓባይ በረሃ አይውረድ። ቁልቁለቱ ከሺህ ሜትር በላይ ስለ ሆነ፥ ሲወርድ ጭነቱ ፈረሱን ይገፋዋል፤ ሲወጣም ሙቀቱና ዳገቱ ይገድለዋል።

4ኛ/ ውል። ልጁ የሚሠራው በሰው ፈረስ ከሆነ፥ በየቀኑ የቁርጥ ገንዘብ እንዲያስገባ አታዋውሉት። ገበያ በቀዘቀዘ ቀን የቁርጡን ለመሙላት ሲል ከልክ በላይ ይጭናል፥ ይገርፋል፤ ፈረሱም ይደክማል፥ ልጁም ይጨክናል። ይልቅስ ከገቢው አስቀድሞ የመኖና የሕክምና ይነሣ፤ የቀረውን ባለ ፈረሱና ልጁ በተስማሙበት ድርሻ ይካፈሉ። ሒሳቡንም ልጁ በደብተር ይጻፍ፤ የተማረው ትምህርት እዚህ ይጠቅመዋል።

5ኛ/ ጓደኛ። ብቻውን የሚሠራ ልጅ ቶሎ ይሰለቻል። በአገው ምድር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። ማኅበሩ የአባቶችን ጀግንነት ከማሰቡም በላይ፥ አባላቱ በችግር የሚረዳዱበትና የተጣላ የሚታረቅበት ነው። በየቀበሌያችሁም ባለ ጋሪዎች ተሰብስበው ለክትባትና ለጋሪ ጥገና ጥቂት ቢያዋጡ፥ ልጁ ሥራ ብቻ ሳይሆን ወገንም ያገኛል።

የልማት ሠራተኞች ልጁን በቃሉ ሳይሆን በፈረሱ ይመዝኑት። ከአንድ ወር በኋላ የፈረሱ ጎድን የማይቆጠር፥ ገላው ቁስል የሌለበት፥ ልጁ ሲመጣ የማይደነብር ከሆነ፥ ያን ጊዜ ጋሪውን አስረክቡት። ካልሆነም አትቆጡት፤ የጎደለውን አሳይታችሁ አንድ ወር ጨምሩለት። ነገር ግን ልጁ እንቅልፍ ካጣ፥ ከሰው ፈጽሞ ከራቀ ወይም ሞትን ከተመኘ፥ ይህን ፈረስ ብቻውን አያድነውም፤ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ፈረሱንም እስኪመለስ ጠብቁለት።