አሮጌ የነዳጅ ታንከር በነበረበት ስፍራ ጉድጓድ ስንቆፍር



በሰሜን ሸዋ ጉድጓድ ለማስቆፈር ስንነሣ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠይቀው «ውኃ ይገኛል ወይ?» ብለን ነው። በዚህ ትምህርት «በዚህ ስፍራ ቀድሞ ምን ነበረ?» የሚለውን ሁለተኛ ጥያቄ እንጨምራለን። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር የነዳጅ ማደያ ወይም ጋራዥ የነበረ ቦታ ዛሬ መኖሪያ ወይም የአጥቢያ ግቢ ሊሆን ይችላል። ማደያው ቢፈርስም ታንከሩ ከነዝቃጩ ተቀብሮ ሊቀር ይችላል።

1. ጉዳቱ እንዴት ይደርሳል?

የብረት ታንከር በእርጥብ አፈር ውስጥ ሲቆይ ይዝጋል፤ ነዳጁም ጠብ እያለ ይወጣል። ነዳጅ ከውኃ ስለሚቀል በከርሰ ምድር ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከፊሉ ግን ይሟሟና ከውኃው ጋር ይጓዛል። ከሚሟሟው ሁሉ በጣም የሚያሠጋው ቤንዜን ነው። ስሙ ከምንገዛው ቤንዚን ጋር ቢመሳሰልም፣ ቤንዜን በቤንዚን ውስጥ የሚገኝ አንድ ንጥረ ነገር ነው፤ የደም ካንሰርም ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ልክ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ምላሳችን ግን ቤንዜንን የሚለየው መጠኑ ከዚህ ልክ 50 እጥፍ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ስለዚህ «ጠረን የለውም፣ ጣዕሙም ደኅና ነው» ማለት ማስረጃ አይሆንም።

2. መሬታችንን እንወቅ

የደብረ ብርሃንና የአንኮበር አለት ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ ስንጥቅ የበዛበት ነው። ውኃ በስንጥቅ ውስጥ ፈጥኖ ይሄዳል፤ አቅጣጫም ይቀይራል። የበሬሳ ውኃ ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ከአንኮበር ገደል በምሥራቅ የሚወርደው ደግሞ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ይሁን እንጂ የመሬቱ ቁልቁለት ከሥር ያለው ውኃ ወዴት እንደሚሄድ በእርግጥ አይነግረንም። ደግሞም በክረምት ውኃው ከፍ ሲል በአፈር ላይ ተጣብቆ የቀረውን ነዳጅ ያገኘዋል፤ በበጋ ሲወርድ ነዳጁም አብሮ ወርዶ ሌላ አፈር ይበክላል። አንድ ጊዜ ብቻ መመርመር የማይበቃው ስለዚህ ነው።

3. እንዴት እንከታተል?

ሀ) ቢያንስ ሦስት የመመልከቻ ጉድጓዶች በሦስት ማዕዘን ይቆፈሩ፤ የአፋቸውንም ከፍታ ቀያሽ ይለካ። ከአፍ እስከ ውኃው ያለውን ጥልቀት ስንለካ የውኃው አቅጣጫ ይታወቃል።

ለ) ከጉድጓዶቹ አንዱ ውኃው ወደ ታንከሩ ከሚመጣበት ወገን፣ ሌሎቹ ታንከሩን አልፎ በሚሄድበት ወገን ይሁኑ። የመጀመሪያው ከሌለ የብክለቱን ምንጭ ለማስረዳት ያስቸግራል።

ሐ) በጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ የሰነበተው ውኃ ተቀድቶ ይፍሰስ፤ ናሙናውም ከአዲሱ ውኃ ይወሰድ። ንጹሕ ከሚመስለው ጉድጓድ እንጀምር። የብርጭቆው ጠርሙስ አየር እንዳይቀርበት እስከ አፉ ይሙላ፤ በበረዶ ሣጥን ሆኖ ፈጥኖ ላቦራቶሪ ይድረስ። ሞተር በሚሠራበት አጠገብ ናሙና አንውሰድ።

መ) በየሦስት ወሩ፣ ይልቁንም በክረምት መውጫና በበጋ መጨረሻ ይመርመር፤ ውጤቱም በመዝገብ ይጻፍ። አንድ ጥሩ ውጤት አያዘናጋን፤ ለተከታታይ ዓመታት ዝቅ ማለቱን እንይ።

4. ከሌሎች የምንማረው

በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የምትገኘው የሳንታ ሞኒካ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1996 ዋና ዋና ጉድጓዶቿን ዘጋች። ከማደያ ታንከሮች የፈሰሰው ቤንዚን፣ በውስጡ ከነበረው ኤም.ቲ.ቢ.ኢ. ከሚባል ቅመም ጋር ወደ ውኃው ገብቶ ነበር። ከተማዋ የውኃዋን ግማሽ ያህል አጣች፤ ያንን ውኃ አጣርቶ መልሶ ለመጠቀምም ከ10 ዓመት በላይ ፈጀ። ሀብታም ከተማ ይህን ያህል ከተቸገረች፣ አንድ የእጅ ፓምፕ ብቻ ያለው መንደር አስቀድሞ መጠንቀቅ እንዳለበት ግልጽ ነው።

5. ብክለት ቢገኝስ?

ፓምፕ መዝጋት ከባድ ውሳኔ ነው። እናቶች እንስራ አዝለው ወደ ወንዝ ይመለሳሉ፤ የወንዝ ውኃም ተቅማጥ ያመጣል። ሆኖም ልዩነቱን እናስተውል፤ የወንዙን ተሕዋስያን ማፍላትና ክሎሪን ይገድላቸዋል፤ ቤንዜንን ግን ክሎሪን አያስወግደውም። ብናፈላውም የሚተነው ቤንዜን የማድ ቤቱን አየር ይበክላል። ስለዚህ ፓምፑ ይዘጋ፤ በዚያው ቀንም ሌላ ውኃ ይዘጋጅ፣ ምክንያቱም ለሕዝቡ ይነገር። ለወረዳው የውኃና የጤና ጽሕፈት ቤቶችም በጽሑፍ እናስታውቅ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለው ወገን እንዲያጸዳ ወይም ወጪውን እንዲከፍል ያዛል፤ ለዚህም የያዝነው መዝገብ ምስክር ይሆናል። ታንከሩን ግን ራሳችን አንክፈት፤ ባዶ ቢመስልም ትነቱ ይፈነዳል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1) በአጥቢያችን አካባቢ ማደያ ወይም ጋራዥ የት የት ነበረ? ሽማግሌዎችን ጠይቁ።
2) ከዚያ ስፍራ አጠገብ ውኃ የሚቀዳው ማን ነው?
3) ፓምፓችን ዛሬ ቢዘጋ ነገ ከየት እንቀዳለን?